ከጌት እስከ ኤቭለንመክ

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ ጋሼ ሸረፈዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ይህች ወረቀት ኢስታንቡል ስትደርስ እርስዎንም እትዬ ነሪማንንም በሙሉ ጤና ታግኛችሁ። የእትዬ ጉልበት ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ዘሐራም ደህና ነን። ብርዱ እዚህ ያን ያህል አይደለም፤ ጭጋጉ ነው የሚያስቸግረው።

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ስጽፍልዎ «ምን ፈልጋ ይሆን?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፣ ፈልጌ ነው። ጉዳዬ ሁለት ነው፤ ከቀላሉ ልጀምር።

ከሆቴል ሥራዬ ስወጣ እዚያው ዳውንታውን የማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ። አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል አደለችን። ትርጉሙን ሁሉ ሰብስበን፣ በራሳችን ቋንቋና በአንድ ሌላ ባዕድ ቋንቋ ምን እንደሚባል አጥንተን ትምህርቱ ሲዘጋ ሰው ፊት ቆመን እንናገራለን። ለእኔ የደረሰችኝ «ጌት» ናት። ትንሽ ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ስከፍተው ግን ገጹን ሁሉ ይዛ ተንሰራፍታለች። ባዕዱ ቋንቋ ቱርክኛ እንዲሆን ፈልጌያለሁና በቱርክኛ ምን ምን እንደምትባል ይጻፉልኝ።

ለምን ቱርክኛ ካሉ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ መጣሁ። ዘሐራ ሳን ሆዜ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ከገባች ወዲህ ነጃት የሚል ስም ከአፏ አይጠፋም ነበር። ደሴ ነጃት የምትባል ሴት እንጂ ወንድ አይተን እናውቃለን? ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን «ይቺን ጓደኛሽን ምሳ ጋብዣት» ብላት፣ በራፌ ላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ አበባ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ልጄ አልዋሸችኝም፤ ስሳሳት አላረመችኝም እንጂ።

ልጁ ቱርክ ነው፤ ሥርዓት ያለው፣ ዓይኑን የሚሰብር። አጎቱ ቃሲም እዚሁ አጠገባችን ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አባቱ ኑረቲን የሚባል፣ እዚያው ቱርክ ቡርሳ ከተማ የሚኖር ፎጣ ሸማኔ ነው አሉ። ሊጠይቁ ይመጣሉ ተብያለሁ። መርሁም ባለቤቴ ሰዒድ ቢኖር ዘሩን የሚያጣራው እሱ ነበር። አሁን ከአባቴ ወገን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? በጎረቤቱ ምን ይባላል፣ ጠባያቸው እንዴት ነው፣ ይጠይቁልኝ።

እጅዎን ስሜ፣
ዓፊፋ ኢድሪስ


ኢስታንቡል፣ ማርች 15 ቀን 1987

ለልጄ ለዓፊፋ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። አላህ አንቺንም ልጅሽንም ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። የነሪማን ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ ምላሷ ግን አንድ ቀን አሟት አያውቅም፤ ሰላም ትልሻለች።

ጠፍተሽ ስትመጪ በቱርክኛ መጣሽብኝ፤ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ «በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ» ስል ኖሬ ስለ ቋንቋ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ።

አየሽ፣ ጌት እንግሊዝ ዘንድ አንድ ናት፤ ቱርክ ዘንድ ስትደርስ ትበታተናለች። ደብዳቤ ደረሰኝ ስትይ «አልዲም» ነው፣ አልማክ ከሚለው። ታመምኩ ስትይ «ሀስታ ኦልዱም»፣ ያው ሆንኩ እንደማለት። አውቶቡስ ከተሳፈርሽ «ቢንዲም»፣ ቤትሽ ከደረስሽ «ቫርዲም»፣ ከአልጋሽ ከተነሳሽ «ቃልክቲም»። ነገሩ ሲገባሽ ደግሞ «አንላዲም» ትያለሽ። እንግሊዝ ይህን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ቱርክ ለእያንዳንዱ ዕቃ አለው። በእንግሊዝ ለመፍረድ ግን አትቸኩይ። እኛ «ገባ» ላይ ምን ያልጫንነው አለ? ሰውየው ቤት ገባ፣ ፀሐይ ገባች፣ ክረምት ገባ፣ ቃል ገባ፣ ነገሩ ገባው፣ በሰው ጉዳይ ገባ። ይህንንም ለአስተማሪሽ ንገሪያት።

አንዷን ለብቻዋ አስቀርቻታለሁ። ማግባት «ኤቭለንመክ» ነው። ኤቭ ቤት ነው፤ ቤት መያዝ እንደማለት ውሰጂው።

ስለ ሰውየው በቡርሳ መድኃኒት የሚያከፋፍል ወዳጄን ጠየቅሁ። ኑረቲን ዕድሜውን ሙሉ ፎጣ ሲሸምን የኖረ፣ አሁን በሁለት ማሽን የሚያሠራ ሰው ነው። ቃሉ አይታጠፍም፣ ኩሩ ነው፣ ቶሎ ይከፋዋል አሉኝ። ኩሩና ቶሎ የሚከፋው ሰው በእኛም ቤተሰብ አይጠፋምና ይህን እንደ ነውር አልቆጠርኩትም።

«ዘመድ ከዘመዱ» የሚልሽ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ቱርኳን ነሪማንን ሳገባ ተብያለሁ። አልሞትኩም።

አጎትሽ ሸረፈዲን


ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1987

ለጋሼ ሸረፈዲን፤

ሰላምታዬ ከረመዳን በፊት ይድረስዎ። ጾሙን አላህ ያቅልልን፣ ደጉን ሁሉ ይቀበለን።

ቃላቱን ሳነብ ሌክ ሜሪት ዳር ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ አንዲት አሮጊት ዞር ብላ አየችኝ። የሆቴሉን አንሶላ እያነጠፍኩ «ቃልክቲም፣ ቢንዲም፣ ቫርዲም» እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒና ጸሎት ይመስላት ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። መጡ። አቶ ቃሲም፣ ባለቤቱ፣ ልጁም ጭምር፤ አበባና የቸኮሌት ሳጥን ይዘው። እኔም የአባቴን ቤት ወግ አንዲት ሳላጎድል አደረግሁት። ዘሐራን ከመምጣታቸው በፊት መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሽማግሌ ሲመጣ የጨዋ ልጅ መቼ ትታያለች? ልጄ «ማሚ፣ ሃው ካን ዩ ዱ ዚስ፣ ፕሊስ» እያለች ለመነችኝ። «ዝም በይ፣ ዋጋሽ ነው» አልኳት።

አቶ ቃሲም ረዘም ያለ ነገር በቱርክኛ ተናገረና ልጁ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። በአላህ ትእዛዝ፣ በነብዩ ቃል ልጅዎን ለልጃችን እንጠይቃለን ነው ያሉት። ደስ አለኝ፣ ጋሼ። እምባዬ መጣ። ግን በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የት አለ? ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ሰምተናል፤ መክረን እንነግራችኋለን» አልኩ። እነሱ ደግሞ ዝም ብለው ያንን የዘጋሁትን በር ያያሉ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ። ልጁ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ዓይነ አፋር ስለሆነ ነው አልኩ።

ይኸው ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ቀጠሮ አልጠየቁም። ኦቨርታይም በዝቶባቸው ይሆናል። ዘሐራም «ነጃት ፋብሪካው ውስጥ ሽፍቱን ቀይሯል፣ አላገኘውም» ትለኛለች። መቼም ሥራ ነው።

ልጅዎ ዓፊፋ


ኢስታንቡል፣ ሜይ 6 ቀን 1987

ለዓፊፋ፤

ሰላም ለአንቺ። ጾም ላይ ነንና አላሳዝንሽም፤ ግን ቶሎ ማወቅ አለብሽ።

ደብዳቤሽን ለነሪማን እያነበብኩላት «በሩን ዘጋሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ጉልበቷን ረስታ ከወንበሯ ተነሳች። «ልጅቷ አልወጣችም? ቡና አላቀረበችም?» አለች። እዚህ ሀገር ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ራሷ ቡናውን በትሪ ይዛ ትወጣለች። ካልወጣች አልፈልጋችሁም ማለቷ ነው፣ ትላለች ነሪማን። «መክረን እንነግራችኋለን» የሚለውም በዚያ ላይ ሲጨመር አሳምሮ መሸኘት ነው።

እኛ ዋጋ ማስወደድ ያልነውን እነሱ ደጅ መመለስ አድርገውታል። ጥፋት ያለው ሰው የለም። ለአቶ ቃሲም ዛሬውኑ ኮል አድርጊለት።

ሸረፈዲን


ኦክላንድ፣ ጁን 5 ቀን 1987

ለጋሼ ሸረፈዲን፤

ከዒድ በኋላ የተጻፈ ነውና እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ዒዱ ለእኛ ዒድ አልነበረም።

ኮል አድርጊለት አሉኝ። ጋሼ፣ የሴት ወገን ናት ወንድ ደጅ የምትለምን? ይህ በአያቴ ቤት ታይቶ ያውቃል? ልጄን ይዤ «ተመለሱ፣ ውሰዷት» ልበል? ዘሐራም ይህንኑ ነው የምትለኝ፤ «ማሚ፣ ጀስት ኮል ዘም»። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ይህንንም ትታዋለች። ከሥራ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አንድ ቤት እየኖርን በበር እንተላለፋለን።

ከልጁ ጋር ተነጋግረዋል። እወድሻለሁ ብሏታል። ግን ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አለ። አባቱ ደግሞ «ደጅ ከተመለስክበት ሀገር ምን ትሠራለህ፣ በሴፕቴምበር ጠቅልለህ ና» ብሎ ጽፎለታል። ትኬቱን ጠይቋል።

እንግዲህ የአላህ ፈቃድ ካልሆነ ምን ይደረጋል። ልጄ ገና ናት። እዚሁ አብራኝ ትኑር፣ ምን ጎደላት? ቃላቱንም ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ቱርክኛውን ትቼ ከጎረቤቴ ፖርቱጋልኛ እጠይቃለሁ።

ዓፊፋ


ኦክላንድ፣ ጁላይ 2 ቀን 1987

ለጋሼ ሸረፈዲን፤

መልስዎ ቀረብኝ። ታመው ነው ወይስ ተቀይመውኝ? ከታመሙ አላህ ያሽርዎ። ከተቀየሙ ደግሞ ልክ ነዎት፤ ያለፈውን የጻፍኩት ሰው ለአጎቱ በማይጽፈው አፍ ነው።

የትምህርት መዝጊያው ባለፈው ሐሙስ ነበር። ፖርቱጋልኛውን ሞክሬው አፌ አልያዘልኝም፤ በቱርክኛዬ ቀረብኩ። ከፊቴ አንድ የቬትናም ሽማግሌ ስለ አንዲት ቃል ተናግሮ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እኔም ተነስቼ ጠመኔውን ያዝኩ። ጌትን ጻፍኩ። ከዚያ አልማክ፣ ኦልማክ፣ ቢንመክ እያልኩ፣ የእኛን ገባም አስከትዬ ሄድኩ። «ፀሐይ ገባች» ስላቸው የት ነው የምትገባው ብለው ሳቁ። «ቤቷ ነዋ» አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ ኤቭለንመክ ጋ ደረስኩ። ቱርክ ሲያገባ ቤት ይይዛል፣ እኛ ደግሞ ጎጆ ወጣች እንላለን፣ እነሱ ይገባሉ እኛ እንወጣለን ልል አዘጋጅቼ ነበር። ቀና ስል ዘሐራ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። እምባዋን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች። እኔም «ጎጆ ወጣች» የሚለውን ሳልል ተውኩት። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማንም አልነግርም። ወግ ነው ያልኩት እውነት ነው። ግን ሁለት ሳምንቱ ሲያልፍ፣ ወሩም ሲያልፍ፣ ልቤ ውስጥ ደስ የሚለው ነገር ነበር። ሰዒድን ሱዳን ቀበርኩ። ይህችን ልጅ በእጄ ይዤ እዚህ ደረስኩ። እሷ ከወጣች ማታ ስገባ መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ። ይህን ፈራሁ። አሁን ደግሞ አጠገቤ እያለች ስታጣኝ አየሁና ያኛው ፍርሃት ትንሽ ሆነብኝ።

ዱዓ ያድርጉልን።
ዓፊፋ


ኢስታንቡል፣ ጁላይ 16 ቀን 1987

ለልጄ ለዓፊፋ፤

አሰላሙ አለይኩም። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩም። ቡርሳ ነበርኩ። ስመለስ ደብዳቤሽ በሩ ሥር ወድቆ ጠበቀኝ። ነሪማን እንድተረጉምላት ጠይቃኝ፣ መብራቱ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና መሐረቧን ፈለገች።

ሳላስፈቅድሽ ነው የሄድኩት። ብጠይቅሽ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለሽ እንደምትከለክይኝ ስለማውቅ ነው። ነሪማንን አስከትዬ በመርከብ እስከ ያሎቫ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። ቢንዲም፣ ኢንዲም (ወረድኩ ማለት ነው)፣ ቫርዲም፤ ለትምህርትሽ ሁሉንም ሠራሁት።

ኑረቲን በሩን ከፈተ። ጸጉሩ የነጣ፣ እጆቹ ሰፋፊ ሰው ነው። ግቡ፣ ተቀመጡ አለን። ነሪማን ተቀመጠች። እኔ እንደ ሀገራችን ሽማግሌ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም ብዬ መሀል ቤት ቆምኩ። ሰውየው ግራ ገባው። ወንበሩ ቆሽሾ መስሎት በፎጣ ጠረገልኝ። አሁንም አልቀመጥ ስል ተቆጣ፤ «ቤቴ አይመጥንህም?» አለ። ነሪማን ሳቋ አመለጣት። «እነዚያ ልጅቷን ደብቀው፣ ይኼ ደግሞ ተገትሮ፤ የእነዚህ ሰዎች ክብር ሁሉ እንዲህ ነው» አለችው። እሱም ሳይወድ ሳቀ። እኔም ቆሜ ነገሩን አስረዳሁት።

«ሴትየዋ ልጅህን አልመለሰችውም። በእኛ ሀገር ከመጀመሪያው ቀን እሺ ከተባለ ልጅቷ ፈላጊ ያጣች ናት ይባላል። አክብራህ ነው ያዘገየችህ» አልኩት።

ፎጣውን አጣጠፈ። «ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው?» አለ።

«እንደ ቤቱ ነው። ሦስት ጊዜም አለ።»

«እኔ ለእናቱ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ» አለ። «አማቴ ሸማኔ አይወድም ነበር። ሦስት ምን አላት?» ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። «መክረን ያለችው ከማን ጋር ልትመክር ነው? ባል የላትም፣ ወንድም አጠገቧ የለም አልከኝ።» ጥያቄውን ለአንቺ አምጥቼዋለሁ። አንቺ ታውቂው እንደሆነ።

አሁን ስሚኝ። የሴት ወገን ደጅ አይለምንም ብለሻል፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ የአንቺ ወገን አይደለሁም። ለኑረቲን «እኔን ሽማግሌህ አድርገህ ላከኝ» አልኩት። ላከኝ። ልጁም ሴፕቴምበርን ይተወው ብሏል። እንግዲህ የኑረቲን ሽማግሌ ሸረፈዲን ነኝ፤ በአላህ ትእዛዝ፣ በነብዩ ቃል ልጅሽን ዘሐራን ለነጃት እጠይቅሻለሁ። እየጻፍኩ ያለሁት ቆሜ ነው፤ ነሪማን ምስክሬ ናት። ወገቤን አመመኝ።

ቃሲምም ከወንድሙ ተጽፎለታል፤ ከአረፋ በኋላ ይመጣሉ። ደግመሽ ብትመልሻቸው የማይከፋቸው መሆኑንም ተናግረዋል።

የወንዱ ወገን ሽማግሌ፣
ሸረፈዲን


ኦክላንድ፣ ኦገስት 9 ቀን 1987

ለወንዱ ወገን ሽማግሌ፣ ለከዳተኛው አጎቴ፤

አላህ ወገብዎን ይጠግን፣ እንኳን ለአረፋም አደረስዎ። ከአባቴ ወገን አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ወደዚያ ተሻገረ። ደብዳቤዎን ለዘሐራ ሳነብላት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ትናንት መጡ። አቶ ቃሲም ወንድሙ የነገረውን ሁሉ እንደ ትምህርት አጥንቶ ነው የመጣው። ተቀመጥ ስለው አልቀመጥ አለ። ባለቤቱም ቆመች። ነጃት፣ ምስኪን፣ መቆም መቀመጡ ጠፍቶበት ግድግዳ ተደግፏል። አቶ ቃሲም እንደበፊቱ በቱርክኛ ተናገረ። አሁን ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት። ጨርሶ ባርኔጣውን አነሳና በእንግሊዝኛው «እንግዲህ እንሂድ፣ እርስዎም ይምከሩ፤ መቼ እንመለስ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ቅያሜ የለም። ደግሜ ብመልሰው ደስ ብሎት ሊመለስ ነው።

የኑረቲን ጥያቄ ከመጣልኝ ቀን ጀምሮ ሲቆረቁረኝ ሰንብቷል። መክረን ያልኩት ከማን ጋር ነበር? አባቴ የለም፣ ሰዒድ የለም፣ ወንድሞቼ ያሉበት አይታወቅም፣ እርስዎ ባሕር ማዶ ነዎት። በዚህ ቤት የምመክረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በር ዘግቼበት ነበር።

«አንድ ጊዜ ቆዩኝ» አልኳቸው። ወጥ ቤት ሄድኩ። ዘሐራ እትዬ ነሪማን እንዳለችው ቡናውን በትሪ አሰናድታ የምትወጣበትን ትጠብቃለች። ትሪውን ተቀብዬ አስቀመጥኩና እጇን ይዤ ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሳለ አጠገቤ አስቀመጥኳትና፣ «ልጄ፣ ልጅሽን ስጪን ይሉኛል፤ ምን ትመክሪኛለሽ?» አልኳት።

ጋሼ፣ ልጄ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ለምጄዋለሁ። ዓይኗን ወደ ልጁም ወደ እነሱም አላዞረችም። እኔን አየችና ቀስ ብላ፣ «እሺ በያቸው፣ እማዬ» አለችኝ።

እሺ አልኳቸው።

ዓፊፋ